ዓለም ማውሱን ወስዶ ሐሳቡን የተወበት ዳግላስ ኤንግልባርት

ዕለቱ ሰኞ ነው፤ እአአ ዲሴምበር 9 ቀን 1968፣ በኢትዮጵያ የዘመን አቆጣጠር ደግሞ ኅዳር 30 ቀን 1961። በአሜሪካዋ ሳን ፍራንሲስኮ ከተማ አንድ ሺህ ያህል የኮምፒውተር ባለሙያዎች የጉባኤ አዳራሽ ሞልተው ተቀምጠዋል።

ከመድረኩ በአንደኛው ጥግ ፀጉሩ መሸበት የጀመረ፣ በነጭ ሸሚዝ ላይ ከረባት ያሰረ፣ ማዳመጫና ማይክሮፎን ያጠለቀ የ43 ዓመት ጎልማሳ ተቀምጧል። እንደ ሌሎቹ ተናጋሪዎች ከአትሮኖስ ጀርባ አልቆመም። ከፊት ለፊቱ የቁልፍ ሰሌዳ አለ። ቀኝ እጁ ገመድ ባላት ትንሽ ሣጥን ላይ አርፏል፤ ግራ እጁ ደግሞ አምስት ቁልፎች ብቻ ባሉት፣ ከፒያኖ ላይ ተቆርጦ የመጣ በሚመስል ሌላ መሣሪያ ላይ። ከኋላው ግዙፍ ስክሪን ተዘርግቷል።

ሰውየው ዳግላስ ኤንግልባርት ይባላል። በዚያን ቀን ከሰዓት በኋላ በ90 ደቂቃ ውስጥ ያሳያቸው ነገሮች ዛሬ የቢሮ ሠራተኛ ሁሉ ልብ ሳይላቸው የሚጠቀምባቸው ናቸው። በማውስ እየጠቆሙ መሥራት፣ ጽሑፍን ስክሪን ላይ እያዩ ማረምና ማዘዋወር፣ አንድ ቃል ነክቶ ወደ ሌላ ሰነድ መሻገር፣ ሁለት ሰዎች በተለያየ ከተማ ሆነው አንዱን ሰነድ በአንድ ጊዜ መሥራት፣ ከዚያም በላይ እየሠሩ ፊት ለፊት እየተያዩ መነጋገር።

ይህ ሁሉ የሆነው ሰው ጨረቃን ከመርገጡ በፊት ነው። በአዳራሹ ከተቀመጡት መካከል ብዙዎቹ ከኮምፒውተር ጋር የሚገናኙት በቀዳዳ ካርድ ነበር። ካርዱን ለማሽኑ ተቆጣጣሪ ያስረክባሉ፤ ውጤቱን በማግስቱ በወረቀት ታትሞ ይረከባሉ። ኮምፒውተር ማለት ቁጥር የሚያሰላ ውድ ማሽን ነበር። ሰው እፊቱ ተቀምጦ የሚያስብበት፣ ይልቁንም ከባልደረባው ጋር አብሮ የሚያስብበት መሣሪያ ይሆናል የሚለው ሐሳብ ለአብዛኞቹ ቅዠት ነበር።

ኤንግልባርት ግን ይህን ቅዠት 18 ዓመት ተሸክሞት ኖሯል።

ከወንዝ ዳር እስከ ሌይቴ ደሴት

ዳግላስ ካርል ኤንግልባርት የተወለደው ጃንዋሪ 30 ቀን 1925 በኦሪገን ግዛት፣ ፖርትላንድ ከተማ ነው። ከሦስት ልጆች መካከለኛው ነበር። ገና በዘጠኝ ዓመቱ አባቱን አጣ። የልጅነት ዘመኑ አሜሪካ በታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ውስጥ ካለፈችበት ጊዜ ጋር የገጠመ ሲሆን፣ ቤተሰቡ ይኖር የነበረው ከከተማው ወጣ ባለ፣ ጆንሰን ክሪክ በተባለ ጅረት አቅራቢያ በሚገኝ የገጠር ቀዬ ነበር።

በ1942 የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን ጨርሶ በኦሪገን ስቴት ኮሌጅ የኤሌክትሪክ ምሕንድስና መማር ጀመረ። የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ግን ትምህርቱን አቋረጠው። የአሜሪካ ባሕር ኃይል የራዳር ቴክኒሽያን አድርጎ አሠለጠነውና ወደ ፊሊፒንስ ላከው።

ፊሊፒንስ ሲደርስ ጦርነቱ አብቅቶ ነበር። በሌይቴ ደሴት ላይ ከቀርከሃ የተሠራች፣ በቋሚ እንጨቶች ላይ ከፍ ብላ የቆመች የቀይ መስቀል ቤተ መጻሕፍት ነበረች። ወጣቱ ወታደር እዚያ ተቀምጦ መጽሔት ሲያገላብጥ የአንድ ሰው ጽሑፍ አገኘ። ጸሐፊው በጦርነቱ ዘመን የአሜሪካን ሳይንሳዊ ምርምር የመራው ቫኔቫር ቡሽ ነው።

ቡሽ የጻፈው ስለ አንድ ያልተሠራ መሣሪያ ነበር። ሰው መጻሕፍቱን፣ ደብዳቤዎቹንና ማስታወሻዎቹን ሁሉ በአንድ ጠረጴዛ ውስጥ አከማችቶ፣ አንዱን ከሌላው ጋር እያያያዘ በቅጽበት የሚያወጣበት መሣሪያ። የዕውቀት ክምችት እየበዛ፣ ሰው ግን የሚፈልገውን ማግኘት እየተሳነው መሄዱ ቡሽን አስጨንቆት ነበር። ኤንግልባርት ጽሑፉን አንብቦ ወደ ሥራው ተመለሰ። ነገሩ ከልቡ እንዳልወጣ የታወቀው ከዓመታት በኋላ ነው።

ከእጮኝነት ማግስት

ከጦርነቱ ተመልሶ በ1948 ተመረቀና በካሊፎርኒያ፣ በኤምስ የበረራ ምርምር ማዕከል ተቀጠረ። ይህ ማዕከል በኋላ የናሳ አካል የሆነው ነው። ሥራው ጥሩ፣ ደመወዙም አስተማማኝ ነበር። በ1950 መጨረሻ ላይ ደግሞ ባላርድ ፊሽ ከተባለች ወጣት ጋር ለመጋባት ቃል ተገባቡ።

በማግስቱ መኪናውን እየነዳ ወደ ሥራ ሲሄድ አንድ ነገር ድንገት መጣበት። ትምህርት፣ ሥራ፣ ትዳር፤ በሕይወቱ ሊደርስበት ያቀደው ሁሉ አልቋል። 25 ዓመቱ ነው። ከእንግዲህ በቀረው ዘመን ምን ሊሠራበት ነው?

ብዙ ሰው እንዲህ ያለውን ጥያቄ ለአንድ ቀን ያሰላስለውና ይረሳዋል። ኤንግልባርት መሐንዲስ ስለነበር እንደ ምሕንድስና ጥያቄ ያዘው። ለሰው ልጅ የሚበጅ ዓላማ ፍለጋ ወራት ፈጀ። የተለያዩ መንገዶችን መዘነ፤ አንዱም አላረካውም። በመጨረሻ የደረሰበት ድምዳሜ ይህ ነው፤ የዓለም ችግሮች ከዕለት ወደ ዕለት ይወሳሰባሉ፣ መፍትሔ የሚሹበት ጊዜም ያጥራል። የሰው ልጅ በጋራ የማሰብ ችሎታ ግን በዚያው ፍጥነት አያድግም። ስለዚህ አንዱን ችግር ከመፍታት ይልቅ፣ ሰዎች ችግርን አብረው የሚፈቱበትን አቅም ማሳደግ ይበልጣል።

ያን ጊዜ የሌይቴው ጽሑፍና የራዳር ሥልጠናው አንድ ላይ መጡለት። ራዳር በስክሪን ላይ ብርሃን ይሥላል። ኮምፒውተር ካርድ መቅደድና ወረቀት ማተም ከቻለ፣ ለምን በስክሪን ላይ ፊደልና ሥዕል አይጽፍም? ሰውስ እፊቱ ተቀምጦ ለምን አያዘውም? ብዙ ሰዎች በየስክሪናቸው ፊት ሆነው በአንድ ማሽን አማካይነት ለምን አብረው አይሠሩም?

እሱ ራሱ በዚያን ጊዜ ኮምፒውተር በዓይኑ አይቶ አያውቅም ነበር።

በሜይ 1951 ባላርድን አገባ፤ አራት ልጆችም ወለዱ። ሥራውን ለቅቆ በርክሊ በሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ገባና በ1955 የዶክትሬት ዲግሪውን ተቀበለ። ሐሳቡን የሚቀበል ግን አላገኘም። በ1957 በሜንሎ ፓርክ ከተማ በስታንፎርድ ሪሰርች ኢንስቲቲዩት ሥራ ሲጀምር አንድ ባልደረባው ሕልሙን ለሰው እንዳያወራ መከረው፤ ቢያወራ ጤነኛ መስሎ አይታይም ነበርና። ምክሩን ሰማ። ሌሎች የሰጡትን ሥራ በትጋት እየሠራ፣ ስም እስኪያገኝ ድረስ ዝም አለ።

በጡብ የታሰረ እርሳስ

በ1962 ዝምታውን ሰበረ። የሰውን የማሰብ አቅም ስለማሳደግ ከመቶ ገጽ በላይ የሆነ ጥናት አወጣ። ጥናቱ የሚነበብ እንጂ የሚቀል አልነበረም፤ አጻጻፉ ከባድ ነው። በውስጡ ግን አንድ የማይረሳ ሙከራ አለ።

ኤንግልባርት እርሳስ በጡብ ላይ አሰረና ሰዎችን በዚያ እንዲጽፉ አደረገ። እርግጥ ነው፣ ጽሕፈቱ ቀርፋፋና የተንጋደደ ሆነ። ሙከራው ቀልድ ይመስላል፤ ጥያቄው ግን የምር ነበር። እርሳስ ሁሉ የጡብ ያህል ቢከብድ ኖሮ የሰው ልጅ ስንት መጽሐፍ ይጽፍ ነበር? ስንት ሐሳብ ሳይጻፍ ይቀር ነበር? መሣሪያው ሐሳቡን የሚገዛ ከሆነ፣ የተሻለ መሣሪያ ደግሞ ገና ያልታሰበውን እንዲታሰብ ያደርጋል ማለት ነው።

ጥናቱን ልብ ብለው ካነበቡት ጥቂቶች አንዱ በአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር ሥር ባለው የላቁ ምርምሮች ተቋም የኮምፒውተር ክፍሉን የሚመራው ጆሴፍ ሊክላይደር ነበር። እሱም ስለ ሰውና ኮምፒውተር አብሮ መሥራት የጻፈ ሰው ስለሆነ ሐሳቡ አልራቀበትም። በናሳ ውስጥ ደግሞ ቦብ ቴይለር የተባለ ወጣት የምርምር ኃላፊ አገኘ። ከሁለቱ ተቋማትና ከአየር ኃይሉ በመጣ ገንዘብ ኤንግልባርት የራሱን ቤተ ሙከራ አቋቋመ። መሐንዲሶችንና ፕሮግራም ጸሐፊዎችን ሰበሰበ፤ አብዛኞቹ ወጣቶች ነበሩ።

የቤተ ሙከራው ደንብ ለየት ያለ ነው። የሚሠሩትን መሣሪያ መጀመሪያ የሚጠቀሙበት ራሳቸው ናቸው። ማስታወሻቸውን፣ የፕሮግራም ጽሑፋቸውን፣ ለአለቆቻቸው የሚልኩትን ሪፖርት ሁሉ የሚጽፉት ገና ባላለቀው ሥርዓት ላይ ነበር። የጎደለውን ሲያገኙ ያሟሉታል፤ በተሟላው መሣሪያ ደግሞ ቀጣዩን ይሠራሉ።

ማውሱ የዚህ ትልቅ ሥራ ትንሽ ቁራጭ ነው። ኤንግልባርት በ1960ዎቹ መጀመሪያ አንድ የኮምፒውተር ጉባኤ ላይ ተቀምጦ ንግግሩ ሲሰለቸው፣ የካርታን ስፋት ለመለካት የሚያገለግል ባለ ጎማ መሣሪያ ትዝ አለውና ሐሳቡን በማስታወሻ ደብተሩ አሰፈረ። ሁለት ጎማዎች፣ አንዱ ወደ ጎን፣ ሌላው ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚዞር። በ1964 ዋና መሐንዲሱ ቢል ኢንግሊሽ ከእንጨት ጠርቦ ሠራው። ከዚያም በስክሪን ላይ ለመጠቆም ከሚያገለግሉ ሌሎች መሣሪያዎች ጋር አወዳደሩት። ከነዚህ መካከል የብርሃን ብዕር፣ መዘውርና በጉልበት የሚገፋ ማንሻ ሳይቀር ነበሩበት። ልምድ ባላቸው ተጠቃሚዎች እጅ ከሁሉም የበለጠው ይህ የእንጨት ሣጥን ሆነ። ገመዱ ጅራት ይመስል ስለነበር አይጥ የሚል ስም ወጣለት። ማን እንዳወጣለት በኋላ ማንም አላስታወሰም።

ዘጠና ደቂቃ

በ1968 የቤተ ሙከራው ሥራ ለሚያምኑበት ጥቂቶች ካልሆነ በስተቀር የማይታወቅ ነበር። ስለ ሥርዓቱ በወረቀት መጻፍ አልጠቀመም። ስክሪን ላይ እየተያዩ ስለመሥራት በወረቀት የሚያነብ ሰው ነገሩ አይታየውም። ኤንግልባርት በጉባኤው ላይ በሕይወት ያለውን ሥርዓት፣ እየሠራ፣ ሰው ሁሉ እያየ ሊያሳይ ወሰነ።

ውሳኔው ቁማር ነበር። ቤት የሚያክለው ኮምፒውተር ያለው በሜንሎ ፓርክ ነው፤ ከአዳራሹ 48 ኪሎ ሜትር ይርቃል። በሁለቱ ከተሞች መካከል ምስል የሚያስተላልፉ ሁለት የማይክሮዌቭ መስመሮች ተዘረጉ። ከመድረኩ የሚሰጠው ትእዛዝ ደግሞ ራሳቸው በሠሩት ሞደም በሰከንድ 1,200 ቢት እየተንፏቀቀ ይጓዛል። ዛሬ በእጃችን ላለ ስልክ ይህ ፍጥነት ከምንም አይቆጠርም። የሚመጣውን ምስል ለአዳራሹ የሚያጎላው ኤይዶፎር የተባለ ስዊዘርላንድ ሠራሽ ግዙፍ ፕሮጀክተር ነበር። ከዚህ ሰንሰለት አንዱ ቢበጠስ ስክሪኑ ይጨልማል።

ቢጨልም የሚያፍረው እሱ ብቻ አልነበረም። ወጪው የተሸፈነው በመንግሥት የምርምር ገንዘብ ነው፤ የገንዘቡ ዓላማ ግን ምርምር እንጂ ትርኢት አልነበረም። በሺህ ባለሙያ ፊት ቢከሽፍ፣ ድሮም ሐሳቡን የተጠራጠሩ ሁሉ ማስረጃ ያገኛሉ፤ ቤተ ሙከራውም ሊዘጋ ይችላል። የ43 ዓመት ሰው 18 ዓመት የደከመበት ነገር በአንድ የማይክሮዌቭ መስመር ላይ ተንጠልጥሏል ማለት ይቻላል።

ቢል ኢንግሊሽ ከመድረኩ ጀርባ ሆኖ ካሜራዎቹንና መስመሮቹን ይመራ ነበር። የትያትር መድረክ ሥራ ልምድ ስለነበረው መጋረጃ ሲከፈት ምን ሊበላሽ እንደሚችል ያውቃል። በሜንሎ ፓርክ በኩል አንዱን ካሜራ የያዘው ስቱዋርት ብራንድ ነው። ብራንድ በዚያው ዓመት ያሳተመው የመሣሪያዎችና የመጻሕፍት መዘርዝር በአሜሪካ ወጣቶች ዘንድ ዝነኛ ነበር።

ኤንግልባርት የጀመረው በቀላሉ ነው። ባዶ ገጽ ላይ ጥቂት ቃላት ጻፈ፤ ቀዳቸው፤ ደገማቸው፤ አንቀሳቀሳቸው። ከዚያ ከሥራ ወደ ቤት ሲመለስ የሚገዛቸውን ነገሮች ዝርዝር አወጣ። ሙዝ፣ ካሮት፣ አስፕሪን። ዝርዝሩን በየዓይነቱ መደበው፤ አንዱን ክፍል አጥፎ ሌላውን ዘረጋ። ቀጥሎ ዝርዝሩ ካርታ ሆነ፤ በካርታው ላይ ወደ ቤት የሚወስደው መንገድና የሚቆምባቸው ቦታዎች ታዩ፤ አንዱን ቦታ ሲነካው እዚያ የሚገዛው ነገር ብቅ አለ። ድምፁ ለስለስ ያለ፣ ችኮላ የሌለበት ነበር።

ብዙዎችን ያስደነቀው ግን ቀጥሎ የመጣው ነው። በስክሪኑ ጥግ የቢል ፓክስተን ፊት ታየ። ፓክስተን ያለው በሜንሎ ፓርክ ነው። ሁለቱ እየተነጋገሩ አንዱን ጽሑፍ ከሁለት ከተማ ማየት ጀመሩ። የሁለቱ ሰዎች ጠቋሚዎች በአንድ ገጽ ላይ ተንቀሳቀሱ፤ አንዱ ያሳየውን ሌላው አየው። ዛሬ አዲስ አበባ ያለ አርታኢና ናይሮቢ ያለ ዘጋቢ አንዱን ጽሑፍ እየተያዩ ሲያርሙ የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። በ1968 ግን ከዚያ ቡድን በስተቀር ይህን አድርጎ ለሕዝብ ያሳየ አልነበረም።

መስመሩ አልተበጠሰም። ስክሪኑ አልጨለመም። 90 ደቂቃው ሲያልቅ ታዳሚው ከመቀመጫው ተነሥቶ አጨበጨበ።

በአዳራሹ ከነበሩት አንዱ አለን ኬይ የተባለ ወጣት ተመራማሪ ነው። በኋላ የግል ኮምፒውተርን መልክ ከቀየሱት ሰዎች ተርታ የሚሰለፈው ኬይ፣ በዚያ ቀን ያየው ነገር የሕይወቱን አቅጣጫ እንደለወጠው በየአጋጣሚው ይመሰክራል።

ቡድኑ ሲበተን

ኤንግልባርት ከዚያ ቀን በኋላ ዓለም በአንድ ጊዜ ወደ ሐሳቡ የሚዞር መስሎት ነበር። አልዞረም። ታዳሚዎቹ አጨብጭበው ወደየሥራቸው፣ ወደየካርዳቸው ተመለሱ።

ሆኖም አንድ ትልቅ ነገር ገና ይመጣ ነበር። በኦክቶበር 29 ቀን 1969 ከሎስ አንጀለስ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የተላከ መልእክት በኤንግልባርት ቤተ ሙከራ ያለው ኮምፒውተር ላይ ደረሰ። ሁለት ፊደላት እንዳለፉ ማሽኑ ቆመ፤ ከአንድ ሰዓት ያህል በኋላ ግን ግንኙነቱ ሠመረ። በኋላ ኢንተርኔት የሆነው መረብ የመጀመሪያ እርምጃው ይህ ነው። ከመረቡ ሁለት የመጀመሪያ ጫፎች አንዱ የኤንግልባርት ቤተ ሙከራ የሆነው በአጋጣሚ አልነበረም። የመረቡን ተጠቃሚዎች መረጃ የሚያደራጀውን ማዕከል ራሱ ጠይቆ የወሰደው ለሚያልመው የጋራ ሥራ መልካም መፈተኛ ይሆናል ብሎ ነው።

ከዚህ በኋላ ያለው ታሪክ ቁልቁለት ነው። በ1970 የዜሮክስ ኩባንያ በፓሎ አልቶ አዲስ የምርምር ማዕከል ከፈተ። ከሜንሎ ፓርክ የአጭር መንገድ ጉዞ ነው። በ1971 ቢል ኢንግሊሽ ወደዚያ ሄደ፤ ሌሎችም አንድ በአንድ ተከተሉት።

የሄዱት በገንዘብ ብቻ አልነበረም። ወጣቶቹ እያንዳንዱ ሰው የራሱ የሆነ ትንሽ ኮምፒውተር እንዲኖረው ፈለጉ። ኤንግልባርት ግን የግል ማሽን ሰውን መልሶ ይነጥላል ብሎ ሰጋ። የሱ ሥርዓት ብዙ ሰዎች በአንድ ትልቅ ኮምፒውተር ላይ የሚገናኙበት ነበር። ሥርዓቱን መማር ከባድ መሆኑም ሌላው ቅሬታ ነው። ትእዛዞቹ ብዙ ናቸው፤ የግራ እጁን ባለ አምስት ቁልፍ መሣሪያ ለመልመድም ጊዜ ያስፈልጋል። ይቅለል ሲሉት የሦስት ጎማና የሁለት ጎማ ብስክሌትን ምሳሌ ያነሣ ነበር። ባለ ሦስቱን ሕፃን ልጅም ወዲያው ይነዳዋል፤ ሩቅ የሚያደርሰው ግን ወድቀው ተነሥተው የሚማሩት ባለ ሁለቱ ነው።

ምሳሌው ልክ ነበር ማለት ይቻላል። ገበያው ግን ባለ ሦስት ጎማውን መረጠ።

የዘመኑ መንፈስም አልረዳውም። ከመከላከያ ሚኒስቴር በሚመጣ ገንዘብ መሥራት በቬትናም ጦርነት ምክንያት ብዙ ወጣቶችን ያሳፍራቸው ጀመር። ኤንግልባርት የቡድኑን መንፈስ ለመጠገን በዘመኑ ካሊፎርኒያ ውስጥ የተስፋፉ የራስን ማጎልበቻ ሥልጠናዎችን ወደ ቤተ ሙከራው አስገባ፤ ይህም አንዳንዶቹን አቀረበ፣ ሌሎቹን አራቀ። በዓለም ዙሪያ ያሉ ሰዎች አብረው የሚያስቡበትን መሣሪያ የሠራው ሰው፣ በአንድ ኮሪደር የሚሠሩ ባልደረቦቹን አንድ አድርጎ ማቆየት አቃተው። ሲያስረዳ ሩቅ ሩቁን ያይ ነበር። ተከታዮቹ ደግሞ በዚህ ዓመት የሚያልቅ ሥራ ይሹ ነበር። ጥፋቱን በአንድ ወገን ላይ መጣል ያስቸግራል።

ገንዘቡ ተቋረጠ። በ1977 ተቋሙ ሥርዓቱን ታይምሼር ለተባለ ኩባንያ ሸጠው፤ ኤንግልባርትም ከተሸጠው ዕቃ ጋር የሄደ ያህል አብሮ ሄደ። በ1984 ደግሞ ታይምሼርን አውሮፕላን ሠሪው ማክዶኔል ዳግላስ ገዛው። አዲሶቹ አለቆች የሚያስፈልጋቸው የሚሸጥ ምርት ነበር። ስለ ሰው ልጅ የጋራ ዕውቀት የሚያወራውን ሽበታም መሐንዲስ አክብረው ያዳምጡታል፤ ከዚያ ወደ ሥራቸው ይመለሳሉ። በ1986 ከኩባንያው ለቀቀ።

አርባ ሺህ ዶላር

የማውሱ የባለቤትነት መብት በኖቬምበር 17 ቀን 1970 ተመዘገበ። ፈልሳፊው ኤንግልባርት ቢሆንም ባለመብቱ አሠሪው ተቋም ነበር። ተቋሙ በመብቱ የመጠቀም ፈቃድ ለአፕል ኩባንያ የሰጠው በ40,000 ዶላር ገደማ እንደሆነ ኤንግልባርት በኋላ ሰምቷል። የማኪንቶሽ ኮምፒውተር በ1984 ከነማውሱ ገበያ ላይ ወጣ። የባለቤትነት መብቱ ዘመን ያለቀው በ1987 ነው፤ ማውስ በየቤቱ የገባው ከዚያ ወዲህ ነው። ፈልሳፊው ከሽያጩ ያገኘው ድርሻ የለም።

ስለ ገንዘቡ ግን እምብዛም አያማርርም ነበር። የሚያንገበግበው ሌላ ነው። ሰዎች ከሠራው ሁሉ ትንሹን ነገር አንሥተው፣ በዚያ ሲያመሰግኑት ዋናውን ሲረሱት ማየት።

ከልጁ ከክሪስቲና ጋር አንድ አነስተኛ ተቋም መሠረተ። ማውስ የሚያመርተው ሎጂቴክ ኩባንያ ቢሮ ሰጠው። ከዚያች ቢሮ ሆኖ የ1962ቱን ሐሳብ ለሚሰማው ሁሉ ማስረዳቱን ቀጠለ።

ክብሩ የመጣው በስተመጨረሻ ነው፤ ሲመጣም በአንድ ላይ። በ1997 የኮምፒውተር ሳይንስ ታላቅ ሽልማት የሆነውን የቱሪንግ ሽልማት ተቀበለ። በዚያው ዓመት የ500,000 ዶላር የፈጠራ ሽልማት አገኘ። 46 ዓመት አብራው የኖረችው ባላርድም ያረፈችው በዚያው ዓመት ነው። በ2000 ፕሬዚዳንት ቢል ክሊንተን ብሔራዊ የቴክኖሎጂ ሜዳልያ አበረከቱለት።

የዚያ ቀን ሠርቶ ማሳያ 30ኛ ዓመት በዲሴምበር 9 ቀን 1998 በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ በተደረገ ጉባኤ ታሰበ። የ73 ዓመቱ ኤንግልባርትም ተገኝቶ ነበር። ኢንተርኔት በዓለም እየተዛመተ ባለበት በዚያ ወቅት የጉባኤው አዘጋጆች ለዝግጅቱ የሰጡት ርእስ አብዮቱ ገና እንዳላለቀ የሚናገር ነው። እሱም በዚህ የሚስማማ ይመስላል። በዘመኑ ያሉት ፕሮግራሞች ደብዳቤና ሰነድ መጻፍን ቢያቀሉም፣ ብዙ ሰዎች አንድን ከባድ ጉዳይ ከሥሩ አብረው የሚያጠኑበት መንገድ ገና አልተሠራም ባይ ነበር።

በ2007 የአልዛይመር ሕመም እንዳለበት ታወቀ። የሰውን የማስታወስና የማሰብ አቅም ለማስፋት ሕይወቱን የሰጠ ሰው በዚህ ሕመም መያዙን ለሚያውቁት መስማት ከባድ ነበር። በቀጣዩ ዓመት ካረን ኦሊሪን አገባ። በጁላይ 2 ቀን 2013፣ በ88 ዓመቱ፣ በካሊፎርኒያ አተርተን በሚገኘው ቤቱ በኩላሊት መድከም ምክንያት አረፈ።

በማግስቱ ዜናው በዓለም ዙሪያ ሲሰማ፣ ብዙዎቹ መገናኛ ብዙኃን ርእስ ያደረጉት የማውስ ፈልሳፊ መሞቱን ነበር።